ከባቄላው ሥር ያለው ነጋሪት

አንድ ከእህሉ ይልቅ ወሬው በብዛት የሚመረትበት መንደር ነበረ። በዚያ መንደር ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው አንዲት ጎጆ ብቻ ነበረች። ከጎጆዋ ወለል በታች ደግሞ የባላቸው አባት በዘመናቸው የቆፈሩት የእህል ጉድጓድ አለ። ያኔ አላፊ ወታደር ያገኘውን እህል ሁሉ እየጫነ ይሄድ ስለነበር፣ ብልህ ገበሬ እህሉን ከወለል ሥር ይደብቅ ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ ጉድጓዱ እንጨት ተረብርቦበት፣ በጭቃ ተመርጎ ተረሳ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ልጃቸውን በዳሩ ዕለት ዝናብ ጣለና ዳሱ አፈሰሰ። ሚዜዎቹም ጎጆው ውስጥ ገብተው መጨፈር ጀመሩ። መሬቱን በረገጡ ቁጥር ወለሉ «ድም! ድም!» ይላል። የመንደሩ ታሪክ አዋቂ የነበሩት አለቃ ላቀው ጠጁ ሞቅ አድርጓቸው ነበርና «እሰይ! ይህስ የንጉሥ ነጋሪት ይመስላል!» ብለው ሳቁ። ሠርገኛውም አብሯቸው ሳቀ።

በማግስቱ የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹም ይርዳው፣ ገበያ መሀል ቆመው «አለቃ እንደነገሩኝ ከሆነ ከደብሪቱ ቤት ሥር የንጉሥ ነጋሪት ተቀብሯል» አሉ። ወሬው ገበያውን ዞሮ፣ ጠላ ቤቱን አዳርሶ፣ አለቃ ጆሮ ተመልሶ ሲደርስ ከማን እንደተነሣ ጠፍቶ ነበር። አለቃም የራሳቸውን ቀልድ አላወቁትም። «አያችሁ? ጭቃ ሹሙም ያውቁታል ማለት ነው! እንግዲያው እውነት ነው» አሉ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። የዚያ መንደር ሰው ግን መላውን ትቶ ወሬውን ብቻ ነበር የሚጨምረው።

ከዚያ በኋላ ነጋሪቱን የሚያቆመው ጠፋ። መጀመሪያ የበሬ ቆዳ ነበር፤ ሳይቆይ ብር ሆነ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። ንጉሡም ያለ ስም መቅረት ስላልነበረበት «ንጉሥ ነጎድጓድ» ተባለ። አንዱ ቤተሰብ ተነሥቶ «ያንን ነጋሪት ይመታ የነበረው ቅድመ አያታችን ነው» ሲል፣ ሌላው «የእናንተማ በቅሎ ጎታች ነበር! ነጋሪት መቺው የእኛ ነው» ብሎ መለሰ። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ቤተሰቦች ለቅሶ መደራረስ አቆሙ። እኔን የሚገርመኝ፣ የቅድመ አያቱን መቃብር የማያውቅ ሰው የቅድመ አያቱን ነጋሪት እንዲህ አጥርቶ ማወቁ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዝም አላሉም። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የእህል ጉድጓድ ነው! የባሌ አባት የቆፈሩት ጉድጓድ!» እያሉ ለሁሉም ተናገሩ። ማንም አልሰማቸውም። እውነቱ ለወሬ አይመችም ነበር። የእህል ጉድጓድ እንኳን ሊዘፈንለት፣ ለጠላ ማወራረጃም አይሆንም።

በመጨረሻ መንደርተኛውን ቤታቸው ጠርተው ጭቃውን ላጡ፣ እንጨቱን አነሡና ጉድጓዱን ከፈቱት። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ጉድጓዱ ውስጥ የሻገተ ባቄላና ከባቄላው የወፈረች አንዲት አይጥ ነበሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ተነፈሱ።

አለቃ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ነጋሪቱ ከባቄላው ሥር ነዋ» አሉ።

ባቄላው ወጣ። ከሥሩ አፈር ብቻ ሆነ።

«እንግዲህ ከአፈሩ ሥር ነዋ። ንጉሥ ሲደብቅ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አድርጎ ይደብቃል? አለመገኘቱ ራሱ የንጉሥ ለመሆኑ ምስክር ነው!»

ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ አደነቀ። ጭቃ ሹም ይርዳውም እዚያው ላይ አዋጅ ነገሩ፤ ከየቤቱ አንዳንድ ሰው ዶማ ይዞ እንዲወጣና ጉድጓዱ ወደ ታችም ወደ ጎንም በደቦ እንዲቆፈር። ወይዘሮ ደብሪቱ ደነገጡ። የጎጆዋ ምሰሶ የቆመው ከጉድጓዱ አፍ ጥግ ነበር።

«ጭቃ ሹም፣ ይህ ከተቆፈረ ምሰሶው ይወድቃል፤ ምሰሶው ከወደቀ ቤቱ አለቀለት። ክረምቱ ደግሞ በር ላይ ነው። የት ልግባ?»

«ለታሪክ ሲባል ትንሽ ቢቸገሩ ምን አለበት?» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ስምዎ ከንጉሥ ጋር ይነሣል።»

«ስሜስ ይነሣ። እኔ የት ልተኛ?»

ጭቃ ሹሙ ቆፋሪ ወደ መቁጠሩ ዞሩ። ባልቴቷ አለቀሱ፤ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲያ አልቅሰው አያውቁም። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና በእግራቸው ወደ ወረዳው ዳኛ ሄደው «አቤት!» አሉ። ዳኛውም ነገሩን በቦታው ልየው ብለው ወደ መንደሩ መጡ።

ሲደርሱ ሕዝቡ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ የባልቴቷን ደጃፍ ሞልቶት ነበር። ዳኛው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ጭቃ ሹሙን አስቀርበው ጠየቁ።

«ነጋሪቱን አይተውታል?»

«እኔ እንኳ አላየሁም፣ ጌታዬ። ከአለቃ ነው የሰማሁት።»

«እርስዎስ፣ አለቃ?»

«እኔማ ከአባቶች ነው።»

«ከየትኞቹ አባቶች?»

«ከጥንቶቹ።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

አለቃ ላብ አላባቸው። «ስማቸውን አልነገሩንም፤ ትሑታን ነበሩ።»

«መልካም። ከትሑታኑ አባቶች ወደ እርስዎ ጆሮ ያደረሰው አፍ የማን ነው?»

አለቃ ሰማይ አዩ፣ መሬት አዩ፤ በመጨረሻ አፍረው «እንግዲህ... ጭቃ ሹሙም ያውቁታል ሲባል ሰማሁና...» አሉ። ጭቃ ሹሙ አለቃን አዩ፤ አለቃ ጭቃ ሹሙን አዩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዶማው ከትከሻው ወደቀ።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ያን ያህል ወር የደከመበትን ወርቅ በቀላሉ አይተውም። «ይቆፈርና ይለይ!» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ፊት ወጥተው ለዳኛው እጅ ነሡ።

በዚያ አገር ከዳኛ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ በቃሉ ይወራረዳል። ማር የሚል ማር፣ በቅሎ የሚል በቅሎ ያሲዛል፤ የማይወራረድ ሰው ቃሉ እንደ ቃል አይቆጠርም። ባልቴቷም ያንን ሥርዓት ያውቁ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይቆፍሩ፤ አልከለክልም» አሉ። «ግን እንደ አገራችን ወግ ውርርድ ይግቡልኝ። እኔ ቤቴን አስይዣለሁ። ነጋሪት አለ የሚል ሰው እሱም ቤቱን ያሲዝ። ነጋሪቱ ከተገኘ ወርቁም ቤቴም የእሱ ይሁን። ካልተገኘ ቤቱን ለቆልኝ ይውጣ።»

«ፍርድ ነው» አሉ ዳኛው። «ማን ይወራረዳል?»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልተነቃነቀም። ነጋሪት መቺ ነን ይሉ የነበሩት «የእኛስ ቅድመ አያት በቅሎ ጎታች ሳይሆን አይቀርም» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጭቃ ሹሙ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል አጎንብሰው ቀሩ። ዳኛው ወደ አለቃ ዞሩ።

«አለቃ፣ እርስዎስ እርግጠኛ አይደሉም?»

«እርግጠኛስ ነኝ፣ ጌታዬ። ግን ቤቴ ውስጥ እኮ ልጆች አሉ!»

«እኔ ቤት ውስጥስ ማን ያለ መስሎዎት ነው?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ነጋሪት?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አለቃም ሳይወዱ ሳቁ። ዶማዎቹ አንድ በአንድ ከትከሻ ወረዱ፤ መቆፈሩም ቀረ።

ዳኛው ከመሄዳቸው በፊት እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ይህን ወሬ ማውራት አልከለክልም፤ ብከለክል ደግሞ ዳኛው ነጋሪቱን ለራሱ ፈልጎ ነው ትላላችሁ። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚያወራው ሰው አስቀድሞ ‹ተረት ተረት› ይበል። ሰሚውም ‹የላም በረት› ብሎ ይቀበለው።»

በሚቀጥለው ማኅበር ላይ አለቃ ላቀው እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «በንጉሥ ነጎድጓድ ዘመነ መንግሥት...» ብለው ጀመሩ። ሰው ሁሉ አፋቸውን አፋቸውን አየ። አለቃ ትንሽ ተቅለሰለሱና በቀጭን ድምፅ «ተረት ተረት» አሉ።

«የላም በረት!» አለ ማኅበርተኛው።

ታዲያ ወሬው በዚያ ቀን የጣመውን ያህል ጥሞ አያውቅም ነበር። ማንም ማስረጃ አልጠየቀ፣ ማንም በቅድመ አያቱ አልተጣላ። ተኳርፈው የነበሩት ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ሞሰብ ከበው ሳቁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው «አለቃ፣ አይጧን ረሷት! የንጉሡ ግምጃ ቤት ጠባቂ ያድርጓት እንጂ» ብለው ጨመሩበት። ክረምቱም ገባ፤ ባልቴቷ ከዝናቡ ተጠልለው በገዛ ጎጆአቸው ከረሙ።

ወዳጄ ሆይ፣ ተረት ክፉ ነገር አይደለም። ተረት በስሙ ሲጠራ ያስቃል፣ ያስተምራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የታሪክ ካባ ደርቦ ሲመጣ ግን ዶማ ያስነሣል። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት አበው ለጨዋታ ብለው አልነበረም። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ እስከ ዛሬ ተደብቆብን ነው እንጂ!» ብሎ አስደናቂ ነገር ቢነግርህ፣ ያየው ማን እንደሆነ ጠይቀው። ለሌላ ሰው ከማስተላለፍህ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ለራስህ አቅርብ፦ ይህ ወሬ ውሸት ሆኖ ቢገኝ፣ የሚፈርሰው የማን ቤት ነው?