አሥራ ሁለተኛው መደብ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ጥዑመልሳን። ጠያቂያቸው የልብስ ነጋዴዋ ሙሉነሽ ናት። «መሪጌታ፣ ለገና የማልገዛው ነገር የለም። ቤቴ በሞላ ቁጥር ግን ተመስገን ማለት ከአፌ ጠፋ። ምን ነካኝ?» ብላቸዋለች።

አንድ ሰው ነበረ። ከጎረቤቶቹ ጋር አሥራ ሁለት ሆነው በየገናው ቅርጫ ይገቡ ነበር። አንድ በሬ ያርዳሉ፤ ሥጋው ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ይደለደላል። እያንዳንዱ ጭራሮም ይሁን ጠጠር ምልክቱን ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህን ተመስገን ብለህ ታነሳለህ። ማማረጥ ነውር ነው።

ሰውየው ሀብት መጣለት፤ ከሀብቱ ጋር አምሮትም መጣ። መጀመሪያ ሶፋውን ቀየረ፣ ቀጥሎ መጋረጃውን፣ ከዚያ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አስገባ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ የዕጣ ሥጋ አልበላም፤ የራሴን በሬ አርዳለሁ» አለ። ጎረቤቶቹ «ይቅናህ» አሉት እንጂ አልተቀየሙም።

የገና ዕለት ጠዋት ቀንዱ በር አላስገባ ያለ ሰንጋ ታረደለት። ሥጋው ፍሪጅ ሞልቶ ተረፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሰውየው ግቢው መሀል ቆሞ ደስታውን ጠበቀ፤ አልመጣ አለው። የሚያይለት ሰው ስለጠፋ መሰለው። አዲሱን ካፖርቱን ደረበና ወደ ቅርጫው ሄደ።

«የኔ ሰንጋ የናንተን ሁለት ያህላል» አላቸው። «ግማሹን ውሰዱ።»

ሥጋውን የሚደለድሉት ሽማግሌ ቢላዋቸውን ጠረጉ። ጋቢያቸው ያረጀ ነው፤ አንገታቸው ግን ቀና ያለ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ እኛስ ሞልቶልናል። ለሌለው ስጠው። ይልቅ ምልክትህን አምጣ፣ አንተን ነው የምንጠብቀው።»

ሰውየው መደቦቹን ቆጠረ። አሥራ ሁለት ናቸው።

«እኔ እኮ ዘንድሮ አልገባሁም» አለ።

«አንተ ወጣህ እንጂ እኛ አላወጣንህም። አሥራ አንድ ሆነን ገዛን፤ አሥራ ሁለት ሆነን እንበላለን።»

ሰውየው ኪሱን ቢዳብስ ጭራሮ የለ፣ ጠጠር የለ። ከአዲሱ ካፖርት አንዱን ቁልፍ በጥሶ ሰጠ። ዕጣው ሲወድቅ የደረሰው አጥንት የበዛበት መደብ ነበር። በሁለት እጁ ተቀበለና «ተመስገን» አለ፤ ከልቡ። ያቺን ሥጋ ይዞ፣ እንደተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ በመንደሩ መሀል አለፈ።

መሪጌታ ወደ ሙሉነሽ ዞሩ።

«ሰውየው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። የገዛሽውን ስታዪ ‹እኔ ነኝ ያመጣሁት› ትያለሽ፤ ታዲያ ማንን ታመሰግኛለሽ? ሳትገዢው የተሰጠሽ ግን አለ። ስትታመሚ ደጅሽን የሚያንኳኳ ጎረቤት አለሽ። ኩራትሽ በእሱ ይሁን፤ ምስጋናሽንም ከእሱ ጀምሪ። ደግሞስ የገናው ልጅ ራሱ ተሰጠን እንጂ መች ገዛነው?»