የአቶ ሸዋንግዛው ሐሙስ

አንድ ሰው በሌላ ሰው ፈንታ ማስመለስ ይችላል? ዘጠኝ ዓመት ሰው አገር ተምሬ መጥቼ፣ ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የተመለስኩ ሰሞን አንዲት የመንዝ ባልቴት እቤታችን መጥተው ከስቶ የጠበቀኝን አባቴን አየት አደረጉና አንድ አባባል ጣል አደረጉበት። አባቴ ሣቅ አለና ወሬ ለወጠ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "ቁጭ በል፤ ታሪክ አለው" አሉኝ። እንደነገሩኝ እነግራችኋለሁ፤ ማል ካላችሁኝ ግን አልምልም።

በመንዝ ደጋ፣ ሩፋኤል ደብር ሥር፣ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ጥላዬ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ወረደ። እሳቸው በዕድሜያቸው ያዩት ትልቁ ውሃ የክረምት ወንዝ ነው፤ እሱንም በበቅሎ ጀርባ ተሻግረውት።

ሦስት ወር ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። የንስሐ አባታቸው አባ ተጠምቀ አነበቡላቸው። ሰላምታው አለቀና እንዲህ የሚል ተከተለ፦ "ጤናዬ ደህና ነው። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ወደ ጥልቁ ባሕር እንወጣለን፤ ያን ጊዜ መርከቡ ሲወዛወዝ የበላሁት ሁሉ ይመለሳል። ለዚህ አታስቡ።"

አታስቡ መባሉ ነው ያሳሰባቸው። ጥላዬ ሲፈጠርም ከሲታ ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪ ቀርቦላቸው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይገፉታል።

"ብሉ እንጂ" ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ። "እርስዎ ጾምዎን ቢያድሩ እሱ አይጠግብ።"

"ልጄ እያለቀብኝ እኔ ልወፍር?"

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ተጠምቀን በር ላይ ጠበቋቸው።

"አባ፣ እናቴ ታማ ሳለች የሷን ቀኖና እኔ ጾሜላት አልነበረም?"

"ጾመሃል።"

"መቶውን ስግደትስ እኔው አልሰገድኩላትም?"

"ሰግደሃል። እግዜር ይቀበልህ።"

"እንግዲያው የጥላዬን ማስመለስ ግማሹን ለኔ ያድርጉልኝ።"

አባ ተጠምቀ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። "እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አላየሁም።"

"አይሆንም የሚልስ አይተዋል?"

"እሱንም አላየሁም።"

"በቃ ይሆናል!" አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ተሳሉ። "ሩፋኤል፣ የጦቢትን ልጅ በሰው አገር የመራህ፤ የልጄን የሐሙስ ሕመም እኩል አካፍለን። ድርሻዬን ሳልወጣ ብቀር ታዘበኝ።"

ስለት ቀላል ነው፤ አፈጻጸሙ ነው ያስቸገረው። በመንዝ ደጋ መሬቱ አይወዛወዝም። አቶ ሸዋንግዛው ሦስት ቀን ሲያስቡ ከርመው፣ ከብት የሚያጠጡበትን ገንዳ አዩት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸውን ደርቤን ጠርተው፣ ገንዳውን እየጎተቱ ከደብሩ በታች ካለው የከብት ኩሬ አወረዱት። ያን ቀን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በልተዋል። ትርንጎ ደስ ቢላቸው፣ "ባዶ ሆድ ምኑን ያስመልሳል?" ብለው ደስታቸውን አጠፉባቸው።

ጋቢያቸውን አጣፍተው ገንዳው ውስጥ ተቀመጡ። ደርቤ ሱሪውን ሰብስቦ ኩሬው ውስጥ ገባና ጫፉን ያዘ።

"ቀስ ላድርገው፣ ጋሼ?"

"ባሕር ቀስ ይላል እንዴ? ነቅንቀው!"

ነቀነቀው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀጥሎ አመዱ ወጣ፤ በመጨረሻ ምሳቸው በሙሉ ኩሬው ውስጥ ገባ። አቶ ሸዋንግዛው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ተመስገን! አሁን የጥላዬ ምሳ ሆዱ ውስጥ አደረለት!"

"እንግዲህ ይውጡ" አለ ደርቤ።

"ቆይ፣ ማዕበል አለ ይባላል። የማዕበሉንም ድርሻ ልውሰድ።"

ደርቤ ማዕበል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን ጎረቤት ነውና ያለ የሌለ ጉልበቱን ሰጠ። ገንዳው ተገለበጠ።

"ሰጠምኩ!" ብለው ጮኹ አቶ ሸዋንግዛው፣ በጋቢያቸው ተጠቅልለው እየተንፈራገጡ። "ትርንጎ! ልጄን አደራ! በሬውን እንዳትሸጪው!"

ወይዘሮ ትርንጎ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ፣ "አንቱ ሰውዬ፣ ይቁሙ" አሉ።

"ባሕር ውስጥ እንዴት ይቆማል?"

"በእግር!"

ቆሙ። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር። አጠገባቸው አንድ ጥጃ ቀና ብሎ አያቸውና መጠጣቱን ቀጠለ።

በማግስቱ አባ ተጠምቀን ደብዳቤ አጻፉ። "ይድረስ ለልጄ ለጥላዬ። ለጤናህ እንደምን አለህ። እኛ ደህና ነን፤ በሬውም ደህና ነው። ባለፈው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ቀለል ብሎህ ነበር ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ። ካልቀለለህ እኔ በዚህ በኩል ጠበቅ አደርጋለሁ።"

ደብዳቤው ሄደ። ከጥላዬ ዘንድ በዓመቱ ውስጥ ሦስት ደብዳቤ መጣ። አንዱ በሶ ላኩልኝ ይላል። አንዱ ስለ በሬው ይጠይቃል። በሦስተኛው ነጭ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ ነበረበት፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል። ስለ ሐሙሱ ነገር ግን አንድም ቃል የለም።

አቶ ሸዋንግዛው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። "ወፍሯል አይደል?"

"ወፍሯል" አሉ ትርንጎ።

"ታዲያ ቀለለኝ ቢለኝ ምን ነበረበት? ሣቀብኝ ይሆን?"

"ያ ደብዳቤ አልደረሰው ይሆናል።"

"ካልደረሰው እንኳ... አላውቅም። ብተው እና ቢብስበትስ?"

አልተዉትም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምሳቸውን በልተው ገንዳው ውስጥ ይቀመጣሉ። ደርቤ ወገቡን አመመኝ ብሎ ከቀረ በኋላ፣ ትርንጎ የገንዳውን ጫፍ በጠፍር አስረው፣ ዳር ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው እንዝርት በአንድ እጃቸው ጠፍሩን ይዘው ይነቀንቁላቸው ጀመር። እንዳይገለበጥም ያዝ ያደርጉታል።

አንድ ሐሙስ፣ አህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ መንገደኛ ይህን አይቶ ቆመ። ሽማግሌው ገንዳ ውስጥ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፤ ባልቴቷ ጠፍር ይዘው።

"እናቴ፣ ምን ሆነው ነው እኒህ ሰው?"

ወይዘሮ ትርንጎ ጠፍሩን ሳብ አድርገው ለቀቅ አደረጉና፣ "ምን ይሆናሉ ልጄ" አሉት፤ "ልጅ ባሕር ቢዘምት፣ አባት ገንዳ ውስጥ ሰጠመ።"