መርማሪውን ጠርታ ግድግዳውን የደበቀችው ሴት

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ይጫወታሉ። አንዷ፣ «መርማሪውን ራሷ ጠራችው፤ ሲመጣ ግድግዳውን ራሷ ደበቀችበት!» አለች። ሌላዋ እየሳቀች፣ «ታዲያ እንግዳ ሲመጣባት ምን ታድርግ?» ብላ መለሰች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ድምፃቸው ከሞተሩ ጋር ተደባለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን አልሰማሁትም፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ። የጎደለውን እንደሚሆን አድርጌ ሞልቼ ነው የምነግራችሁ።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። ስሟን እትዬ ደብሪቱ እንበላት። ቤቷ ደሴ፣ ዳገት ሥር ነው። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ጉሙ በር ሳያንኳኳ የሚገባባት ከተማ ናት።

የእትዬ ደብሪቱ ቤት የተከበረ ቤት ነው። ሳሎኑ ያምራል። ወለሉ ፊት ያሳያል። በዳገቱ በኩል ያለችው መኝታ ክፍል ግን አንድ ግድግዳ አላት፤ ያ ግድግዳ በየክረምቱ ይሻግታል። ሰኔ ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ብቅ ትላለች። ነሐሴ ላይ ሰሌን ታህላለች።

እትዬ ደብሪቱ ምን ታደርጋለች? ትቀባዋለች። መስከረም በጠባ ቁጥር ትቀባዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ነጭ ቀባችው። በሁለተኛው ዓመት ክሬም ቀባችው። በሦስተኛው ዓመት ሻጋታውን ቆማ አየችው፣ አየችውና፣ «አረንጓዴ ብቀባውስ ይመሳሰል የለ?» ብላ አረንጓዴ ቀባችው።

ትስቃላችሁ? ሳቁ። እኔም ሚኒባሱ ውስጥ ስቄአለሁ።

እንግዲህ ይህች ሴት አንዲት ልጅ አለቻት፤ ትርንጎ ትባላለች። አግብታ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚታረሰው። እትዬ ደብሪቱ ወሬውን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላትም፤ ስትተኛም ስትነሣም የሚታያት የልጅ ልጇ በእሷ ጣሪያ ሥር ሲያለቅስ ነው። አልጋውን አዘጋጅታለች። የገንፎው እህል ተፈጭቷል። ለጎረቤት ሁሉ ተነግሯል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ትርንጎ ደወለች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ አስሜ ጠየቀኝ። በልጅነትሽ የት ነበር የምትተኚው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ሻጋታው ያለበት ክፍል አልኩታ።»

«ይህን ለሰው ታወሪያለሽ?»

«ለሐኪም ነው፣ እማዬ! አሁን ስሚኝ። እዚያ ግድግዳ ሥር ጨቅላ አላስተኛም። ባለሙያ ይየውና ንጹሕ ነው ብሎ ይጻፍልኝ። አለዚያ እዚሁ አማቴ ቤት እታረሳለሁ።»

«አልጋነሽ ቤት? በዚያ ሙቀት? ልጄን ልትቀቅላት ነው?»

«እሷ ቤት ሻጋታ የለም» አለች ትርንጎ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ይህ ነገር እትዬ ደብሪቱን ከሻጋታው በላይ ጎዳት። ባሏን ጋሽ ይመርን፣ «በል ሰው ፈልግ!» አለችው። ጋሽ ይመር ጠያይቆ፣ የቤት እርጥበትና ሻጋታ መመርመር ሙያው የሆነ ኢንጂነር እንድሪስ የሚባል ሰው አገኘ። ሐሙስ እመጣለሁ አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር ከውጭ ሲገባ፣ ሚስቱ ነጠላዋን አሸርጣ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ያንን ግድግዳ በበረኪና ትፈትገዋለች። አጠገቧ የቀለም ቆርቆሮ ተከፍቷል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ ሰው ይመጣል እኮ!»

«ሰውየው የሚመጣው ሻጋታውን ሊያይ ነው፣ ደብሪቱ!»

«ይየዋ! ማን አትይ አለው? ግን እንዲህ ሆኖ አያየውም።»

ጋሽ ይመር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ነው። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ቁም ሳጥኑን ግፋ አለችው፣ ገፋ። ሻጋታው ፊት ለፊት ገትረውት አደሩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኢንጂነር እንድሪስ መጣ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጋ ያለ፣ ጥቁር ሻንጣ የያዘ ሰው ነው።

«እንግዲህ ግድግዳውን ልይ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ኧረ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ! ግድግዳው የትም አይሄድ!»

የሥጋ ነገር እንዳያስቸግረው ብላ ሽሮውንም፣ ምስሩንም፣ ጎመኑንም ሠርታ ጠብቃዋለች። በላ። ጨመረችለት፤ በላ። «በሞቴ!» አለችው። በሞቴ ተብሎ እንዴት እንቢ ይባላል? በላ።

«ጎመኑ ግሩም ነው፣ እትዬ።»

«የጓሮዬ ነው! ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያደንቀው።»

በመጨረሻ ተነሣ። ከሻንጣው ጫፏ ላይ ሁለት ሹል መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ አወጣ፤ እርጥበት ስታገኝ የምትጮኽ ናት። ሳሎኑን ለካ፤ ዝም አለች። ኮሪደሩን ለካ፤ ዝም አለች። ወደዚያች ክፍል ገብቶ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲጠጋ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረች።

«ስልክዎ እየጮኸ ነው መሰለኝ» አለች እትዬ ደብሪቱ።

«ስልኬ አይደለም። ግድግዳው መቼ ነው የተቀባው?»

«ቆየ።»

ኢንጂነር እንድሪስ ከቁም ሳጥኑ ጎን በአንድ ጣቱ ግድግዳውን ነካ አደረገው። ጣቱ ነጭ ሆነ። ጣቱን አየ፤ እሷን አየ። በር ላይ የቆመው ጋሽ ይመር ሳሉን እየሳለ ዘወር አለ።

«ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ብናደርገውስ?»

«ከባድ ነው። ከተቀመጠ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

ሰውየው ወለሉን አየ። ያ ፊት የሚያሳየው ወለል ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር እስከ ቁም ሳጥኑ እግር ድረስ አዲስ ጭረት ተሰምሯል። እሱ ግን አይቶ እንዳላየ አለፈው። ሰው ማሳፈር የማይወድ ሰው ነበር።

ይኼኔ እትዬ ደብሪቱ ጠጋ አለችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ እንግዲህ አንተን እንደ ልጄ ላናግርህ። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ንጹሕ ነው ብለህ ጻፍልኝ። ልጄ ትምጣልኝ። የልጅ ልጄን ልቀፍ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እንደሚሆን አደርገዋለሁ።»

ኢንጂነር እንድሪስ መሣሪያውን አጠፋው።

«እትዬ፣ ብጽፍልዎት ልጅዎ ወረቀቱን አይታ ትመጣለች። ያላየሁትን አልጽፍም እንጂ፣ ጻፍኩ እንበል። ሕፃኑ የሚተነፍሰው ግን ወረቀቱን አይደለም።»



እትዬ ደብሪቱ በዚያች ቅጽበት ምን ሰማች መሰላችሁ? የትርንጎን ሳል ሰማች። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዚችው ክፍል፣ ትንሿ ትርንጎ ክረምቱን ሙሉ ስታስል፣ እሷ «ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» እያለች ብርድ ልብስ ትደርብላት ነበር። ልጅቷ የምትተኛውም በዚህ ግድግዳ ሥር ነበር። ብርድ አልነበረም።

 ሄደችና ትከሻዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጥታ ገፋችው። «ይመር፣ ምን ቆመሃል?» ስትል ባሏም መጣ። ቁም ሳጥኑ ተነሣ። የትናንቱ ቀለም ገና ሳይደርቅ ተላልጦ እንደ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጥቁሩ ሻጋታ አለ።

እትዬ ደብሪቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አሁን ምን ሊላት ነው?

«ኧረ ጥሩ ነው!» አለ ኢንጂነር እንድሪስ። ተንበርክኮ በትንሽ መዶሻ ልስኑን መታ መታ ያደርጋል።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«የሚታይ ነገር መድኃኒት አለው። አብሽሩ፣ እትዬ። አሁን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንፈልግ።»

ወደ ጓሮ ዞሩ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ፣ ያ ሰፈር የሚያደንቀው የጎመን መደብ አለ። አፈሩ እስከ መስኮቱ ግማሽ ተቆልሏል። ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳም ውሃው እንዳይባክን ተብሎ ወደ መደቡ ተጠምዝዟል።

«ይህን ማን ነው የሚያጠጣው?»

«እኔ ነኛ። በጋውን በጄሪካን፣ ጠዋትና ማታ» አለች በኩራት።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ትርንጎ ሳትወለድ ነው የተከልኩት...»

ጋሽ ይመር ከዚህ በላይ አልቻለም። «ደብሪቱ» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ሻጋታውን ውሃ ስታጠጪው ኖርሽ እኮ!» ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ኢንጂነሩም ከንፈሩን ነክሶ ቆየና ሳቀ። እትዬ ደብሪቱ ሁለቱንም ገላመጠቻቸው፤ ከዚያ አላስቻላትም፣ እሷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የሳቁ እንባ ይሁን የሌላው፣ እሱን አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ ወገኖቼ።

እኛስ ማታ ማታ ተንበርክከን «ጌታ ሆይ፣ መርምረኝ» እንል የለም? እንላለን። በሩን ከፍተን «ግባ» እንለዋለን። ከዚያስ? ሳሎን እናስቀምጠዋለን! በዜማው፣ በስግደቱ፣ በመባው እናስተናግደዋለን። ወደ ጓዳ ሊያልፍ ሲል «ትንሽ ይጨመር» እንለዋለን። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደን «በጾም ቀን ወተት ቀምሻለሁ» እንላለን። ወተቱን እንናገራለን! ከእናታችን ልጅ ጋር ስድስት ዓመት ሰላምታ አለመለዋወጣችን ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው።

ራሳችሁን ጠይቁ። የእናንተ ቁም ሳጥን ምንድን ነው? ማን ነው አብሮ የገፋላችሁ?

ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ሻጋታው የሚጠጣው ከየት ነው? እትዬ ደብሪቱን ያጠፋት ክፋት አልነበረም፤ ጎመን ነው። ሰው የሚያደንቅላት ነገር ነው። አንዱ ሰው «እንዴት ያለ ታታሪ ነው!» ይባላል፤ ልጆቹ ፊቱን የሚያዩት እሑድ ብቻ ነው። አንዷ «ጨዋታዋ አይጠገብም!» ትባላለች፤ ጨዋታዋ ሁሉ የሌላ ሰው ስም ነው። ሲያመሰግኑን ውሃ እንጨምራለን። ግድግዳውን ማን ዞሮ ያየዋል?

እግዚአብሔር ገብቶ ሲያይ የሚደነግጥ አይምሰላችሁ። እንደ ኢንጂነሩ ሻጋታው ፊት የሚንበረከክ እሱ ነው። የተደበቀውን ያወቀው ድሮ ነው፤ የሚጠብቀው እኛ ቁም ሳጥኑን እስክንገፋው ነው።

ግን አንድ ነገር አልዋሻችሁም። እውነቱን ያሳየ ሰው የተመኘውን ወዲያው ያገኛል አልልም። እትዬ ደብሪቱም ወዲያው አላገኘችም። ኢንጂነር እንድሪስ ጽፎ ሰጣት፤ አፈሩ ይነሣ፣ አሸንዳው ይዙር፣ ልስኑ ይፈቅፈቅ፣ ግድግዳው ራቁቱን ይድረቅ አለ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥር።»

«ልጄ የምትወልደው እኮ ኅዳር ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ፤ ወረቀቱን ግን አልቀየረውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር አካፋውን ይዞ ወደ ጎመኑ ሄደ። እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ስልኳን አንሥታ ብዙ ከቆየች በኋላ ደወለች። የደወለችው ለትርንጎ አይደለም፤ ለትርንጎ አማት፣ ለአልጋነሽ ነው።

«አልጋነሽ፣ ደብሪቱ ነኝ። ቤቴ ሻጋታ አለበት። ለሕፃን አይሆንም። ልጄ አንቺው ጋ ትታረስ።»

 «አንቺስ?» አለች አልጋነሽ።

«ከፈቀድሽልኝ ኅዳር ላይ እወርዳለሁ።»

«ምን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነይ እንጂ! ብቻ አሁኑኑ እንነጋገር፤ ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ገንፎውን! ከዚያ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እሺ፣ አንቺ አገንፊ» አለች። «እኔ የሕፃኑን ጨርቅ አጥባለሁ።»