ስድስት ቀን የተጓዘው ማስታወሻ

በአንድ ወቅት፣ መጥረጊያ እንኳ ያለ ማስታወሻ ከመጋዘን የማይወጣበት አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በዚያ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ አንጓች የምትባል ሴት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ክሩን በቀኝ እጇ ዳሰስ አድርጋ ቀለሙ መያዝ አለመያዙን ታውቅ ነበር። ያ እጅ አሁን እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ጣቶቹ እንደ ድሮው እንደማይታጠፉ ነግሯታል። እሷን ግን ከሕመሙ ይበልጥ የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ሰው እንደሚጎዳ ሰኞ ዕለት ተጽፎ ነበር፤ እጇ የተቃጠለው ዓርብ ነው።

ሰኞ ጠዋት የቦይለር ሠራተኛው ጎሹ፣ ትርፉን እንፋሎት የሚያስወጣው ቫልቭ ዝጎ መጣበቁን አየ። አምና እንዲህ ያለ ነገር ጠርጥሮ ቦይለሩን በገዛ ፈቃዱ አጥፍቶ ነበር፤ ያተረፈው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያነሳው ብዕር ብቻ ነው። «ቦይለሩ ካልቆመ ሰው ይጎዳል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ለመዝገብ ቤት ሰጠ። ከዚያም መልስ እስኪመጣ በየማለዳው ቦይለሩን ለኮሰ። ከአንጓች ጋር ከአንድ ሳህን ምሳ እየበላ ትንፍሽ አላለም። «ሠራተኛ አሸበርክ» ብለው እንዳያባርሩት ፈርቶ ነው።

ማክሰኞ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘርፌ ማስታወሻውን ቢያገላብጡት የክፍል ኃላፊ ፊርማ የለውም። ያለ እሱ ፊርማ ምንም ወረቀት ወደ ላይ አይወጣም፤ ደንብ ነው። ወይዘሮ ዘርፌ አንድ ጊዜ ለአንድ ሠራተኛ አዝነው ይህን ደንብ ቢጥሱ፣ ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገዋል። ስለዚህ «በተዋረድ ያልቀረበ ስለሆነ ተመልሷል» የሚል የራሳቸውን ማስታወሻ አያይዘው መለሱት። ሰው ይጎዳል የምትለዋን መስመር አላዩም አይባልም፤ አይተዋል። የክፍል ኃላፊው ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ፊርማው የተገኘው ረቡዕ ከሥራ መውጫ ላይ ሆነ።

ሐሙስ ወረቀቱ የቴክኒክ ሥራ አስኪያጁ የአቶ ይልቃል ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ጎሹ ከዚህ በፊት በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ «ቦይለሩ ይቁም» ብሎ ጽፎ፣ ሁለቴም ፋብሪካው ቆሞ ሲፈተሽ ምንም አልተገኘም፤ በፋብሪካው ቦርድ ፊት ያፈሩት አቶ ይልቃል ናቸው። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱን አላሳደሩትም። እዚያው ጠርዙ ላይ «ለጥገና ክፍል፤ ዛሬውኑ ተጣርቶ ሪፖርት ይቅረብ» ብለው መሩት። ለቦይለሩ የጥገና ክፍል ማለት ደግሞ ያው ጎሹ ነው! የቦይለሩ ቤት ከቢሯቸው መስኮት ይታያል፤ ቢበዛ መቶ እርምጃ ነው። ወርደው አላዩም፣ ስልክም አላነሱም። ያ «ዛሬውኑ» ተመዝግቦ፣ ማህተም ተመቶበት ጎሹ እጅ የገባው ቅዳሜ ነው።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ፈነዳ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሦስቱም ቅጂያቸውን ይዘው መጡ።

«እኔ በጊዜው ጽፌያለሁ» አለ ጎሹ።

«እኔም የመለስኩበትን ምክንያት ጽፌያለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

«እኔ በዕለቱ ነው የመራሁት፤ ቀኑ ይታይ» አሉ አቶ ይልቃል።

አንጓች ደሟ ፈላ። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሦስቱም ንጹሕ፣ ሦስቱም ባለ ቀን፣ ባለ ፊርማ። በዚህ ክፍል ውስጥ ወረቀት የሌላት እሷ ብቻ ነች።

«ጋሽ ጎሹ» አለች፣ «‹አንጓች፣ ዛሬ ወደዚያ ቧንቧ አትጠጊ› ማለት ስንት ገጽ ይፈጅ ነበር?»



የኮሚቴው ሰብሳቢ የውሳኔውን ቅጽ ገለጡ። «ደንቡ አንድ ዋና ተጠያቂ ለይታችሁ አሰናብቱ ይላል። እኛ መስማማት አልቻልንም፤ የተጎጂዋ ቃል ይወስን ብለናል።»

«ሦስቱም ብልስ?»

«ቅጹ ላይ ያለው ቦታ የአንድ ሰው ነው።»

«እሺ፣ ልናገር።»

«በቃል አንቀበልም፤ በማስታወሻ ጽፈሽ አቅርቢ።»

 ሁሉም ፋሻውን አየ፤ አንድም ሰው ግን እኔ ልጻፍልሽ አላለም። ያለ ደንቡ ነዋ!

«ብዕር አምጡ» አለች አንጓች ጥርሷን ነክሳ። በግራ እጇ ጨብጣ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባት፣ ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ «ለዲሲፕሊን ኮሚቴ» አለች። ከዚያ «ጉዳዩ፦ እጄ» ብላ አሰመረችበት። ቀና ብላ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ አደጋውን እያወቀ እሳቱን ለኩሷል። አንዷ አንብበው መልሰዋል። አንዱ ከወንበራቸው ሳይነሱ መርተዋል። ሦስቱም ልጆች ያሳድጋሉ፤ ሦስቱም ከዚህ ቀደም ደግ ወይም ጥንቁቅ ሆነው ተቀጥተዋል።

ብዕሩ ባዶው መስመር ላይ ቆሟል። እናንተ የምትሰሙ፣ እጁ የእናንተ ቢሆን የማንን ስም ትጽፉበታላችሁ?