ካራው የጎበጠበት ቀን

ተረቴ መጣች፣ ጆሮ ያለው ይቀበላት። ሳቅ የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ፤ የዛሬዋ አታስቅም።

ድሮ ድሮ፣ ካራ ሁሉ እንደ በትር ቀጥ ያለ በነበረበት ጊዜ፣ አያ ደምሳሽ የሚባል ከብት አርቢ ነበረ። ቦራ የምትባል ላሙን ከሁሉ አብልጦ ይወዳት ነበር። ቦራ ስትሞት አልቅሶ አልወጣለትም። "ከእጄ አትለይም!" አለና ቀንዷን ለካራው እጀታ አደረገው። ቦራም እጀታ ሆና ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትናገራለች። ልጇ ዛጎሌ ደጅ ላይ ስትቦርቅ እያየች ትጽናና ነበር።

አንድ ቀን አያ ደምሳሽ አማቾቹ መጡበት። "በሉ ዛጎሌን ለእርድ አምጧት!" አለ።

ቦራ ክው አለች። ገመዱን ለመነችው።

"ወንድሜ ገመድ፣ ልጄን አትሰርብኝ!"

"እኔ የሳበኝን ተከታይ ነኝ፣ እቴ" አለና ዛጎሌን አሰራት።

አፎቱን ለመነችው።

"አያ አፎት፣ ካራውን አትልቀቅብኝ!"

አፎቱ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። አያ ደምሳሽ ግን ጉልበታም ነው፤ መንጭቆ አወጣው።

ስለቱን ለመነችው።

"ስለት ሆይ፣ አብረን ነው የኖርነው። የልጄን አንገት አትንካብኝ!"

"ምነው አያ ደምሳሽን አትለምኚውም?" አላት ስለቱ።

"ኧረ በምን አፌ! በመዳፉ ይዞ ያከበረኝን ሰው አማቾቹ ፊት ላሳፍረው? ይሉኝታ የለኝም እንዴ!"

ስለቱ አዘነላት። የዛጎሌ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ አንገቱን ቆልምሞ ሸሸ፤ እንባውም ገላው ላይ ቦይ ቀዶ ወረደ። ወይ አበሳ! ያ ጉብጠቱ ጭራሽ ጉሮሮዋ ውስጥ ሸርተት ብሎ ገባ። ቀጥ ያለ ካራ እንዲያ ቆርጦ አያውቅም። ዛጎሌ "እምዬ" ሳትል ወደቀች።

ከእንግዶቹ አንዱ ቀጥቃጭ ነበር። "ካራ ማለትስ ይሄ ነው!" አለ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራውን ካራ ሁሉ ጎባጣና ባለ ቦይ አደረገው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አያ ደምሳሽ እጀታው መዳፉ ውስጥ ራሰበት።

"ምነው ቦራ፣ ታለቅሻለሽ?"

"ልጄን አረድካት።"

"ውይ! ሙክቱ እኮ ጓሮ ታስሯል! ዝም ስትዪ ጊዜ የፈቀድሽ መሰለኝ። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እሱን አርድ አልነበር?"



ስለዚህ ጎባጣ ካራ ስታዩ ጉብጠቱ የብረቱ ኀዘን፣ ቦዩም የብረቱ እንባ ነው በሉ። ብረት እንኳ አዝኖ ማዳን አልቻለም። እናንተ ግን ልጃችሁ ስትታሰር ገመድና አፎት አትለማመጡ፤ ይሉኝታችሁን ጣሉና ካራውን የያዘውን ሰው ለምኑ።