የማድፈጫው ቅጠል እስኪደርቅ

«እግሩ የማያርፍ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ አባባ ወንዳፍራሽ።

ትርንጎ ጥያቄዋን ጠይቃ ገና አፏን አልገጠመችም። ልጇ ከባሏ ቤት ጓዟን ጠቅልላ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። ምን እንደ ሆነች ለማንም አትናገርም። አክስቷ መጥታ ጠየቀቻት፣ የንስሐ አባቷ መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ከእንግዲህ ማንን ልላክባት?» ነበር የትርንጎ ጥያቄ። ሽማግሌው ግን የሰሟት አይመስሉም፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው የቆላ ቀስተኛ ነው። ችኩልነቱ ለብቻው ነው! በእናቱ ሆድ ሳለ ዘጠኝ ወር ረዘመብኝ ብሎ በአምስተኛው ወር በሩን አንኳኩቷል ይባላል። እህል ዘርቶ በማግስቱ «በቀለ ወይ?» እያለ አፈሩን ይጭራል። ድስት ሲጣድ ክዳኑን እየከፈተ እንፋሎቱን ስለሚያስወጣው፣ በእሱ ቤት ድንች ለመብሰል ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር።

ይህ ሰው የአንድ ሽማግሌ አዳኝ ልጅ ወደደ። አማላጅ ላከ። የልጅቷም አባት፣ «ወጋችንን ታውቃለህ፤ አጋዘን ገድሎ ቆዳውን ከእግሬ ሥር ያላነጠፈ ልጄን አያገባም። እስከ ቅበላ ይዘህ ና። ከዚያ ወዲያ ጾም ነው፣ ሠርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠያቂ አላት፤ አንተ ከቀረህ ለእሱ ነች» አሉት። ቀኑ ሲቆጠር ሃያ ሁለት ነው።

እንግዲህ አጋዘንን በቀስት ለመጣል ሃያ እርምጃ ያህል መቅረብ አለብሽ። የአጋዘን ጆሮ ደግሞ ጉንዳን ስታዛጋ ይሰማል። ስለዚህ አዳኝ አያባርረውም። አጋዘኖች ጨዋማ አፈር ሊልሱ ከሚወርዱበት ሸለቆ ሄዶ፣ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከእንጨትና ከቅጠል አንዲት ጠባብ ዳስ ይሠራል። ማድፈጫ ይሏታል። እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሰውየው ማድፈጫውን በአንድ ጠዋት ሠርቶ ገባ። እስከ ቀትር ምንም አልመጣም። «ቅጠሉ ሳስቶ ታይቼ ነው» አለና ወጥቶ ቅርንጫፍ ጨመረ። በማግስቱም ምንም የለም። «በዝቶ ጉብታ መስሏል» ብሎ ቀነሰው። ጠወለገ ብሎ ደግሞ እንደገና እርጥብ ቅጠል አለበሰው። መስኮቱን ወደ ግራ አዞረው፤ ወደ ቀኝ መለሰው። ጎረበጠኝ ብሎ መደብ ሠራለት። እኔ እንደ ሰማሁትማ፣ በአሥረኛው ቀን እልፍኝ ሊያወጣለት ምሰሶ ሲቆርጥ ታይቷል። በዚያ ሸለቆ ከገጀራው የተረፉት ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ያዳናቸው እሾሃቸው ነው።

አጋዘኖቹስ? ከገደሉ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ያዩታል። «ዛሬ ደግሞ ምን ሊገነባ ይሆን?» እያሉ ግልገሎቻቸውን ጭምር ይዘው ይመጡ ነበር።

ሰውየው ቀን ይቆጥር ጀመር። የተቀመጠበት ያቃጥለዋል። አሥር ቀን ቀረ ይላል፤ ዘጠኝ ይላል። ልጅቷ በሌላ ሰው በቅሎ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ተሸፍና ስትሄድ በቁሙ ትታየዋለች። ይሄኔ ይነሣና አንድ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ሲቆርጥ ትንሽ ይቀለዋል። ቁጭ ሲል ይብስበታል።

ስምንት ቀን ሲቀር ልጅቷ ራሷ ሸለቆው ወረደች። ላብ አጥምቆት፣ ሸክም ቅጠል ተሸክሞ አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው።

«ማድፈጫዬን እያሳመርኩ ነው።»

«ለአጋዘኗ ነው እንዴ የጫጉላ ጎጆ የምትቀልሰው? እኔን ልታገባ መስሎኝ!»

«ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረኝ!»

«አንተ ሰው፣ እኔ የአዳኝ ልጅ ነኝ። አባዬ ማድፈጫ ከሠራ ቅጠሉ እስኪደርቅ አይነካውም። አውሬ ትናንት ያላየውን ነገር ይፈራል። አንተ በየቀኑ አዲስ ነገር ታሳየዋለህ፤ በየቀኑም ገጀራህን ታሰማዋለህ።»

ይህን ብላ ገጀራውን ከእጁ ቀማችው። በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ዞር ብላ ሳታየው ዳገቱን ወጣች።

ዋናው መከራ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ብቻቸውን ከዳሱ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። ጥፍሩን በልቶ ጨርሶ ወደ ክርኑ ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ጣሪያው በአንድ ወገን ዘመም አለ፤ ሊያቃና ተነሣ፤ በምን ይቁረጥ? ተመልሶ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ደርቆ እንደ ዙሪያው ሣር አመድማ ሆነ። ወፍ መጥታ አረፈችበት። በስድስተኛው ቀን ሸረሪት መስኮቱ ላይ ድሯን ዘረጋች።

በሰባተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አንድ ወንድ አጋዘን ወረደ። ቀንዱ ተጠማዝዞ፣ ተጠማዝዞ፣ ጫፉ ደመና ይወጋል። ማድፈጫውን አየው፣ እንደ ድንጋይ ናቀው፣ አጎንብሶ አፈሩን ይልስ ጀመር። ሃያ እርምጃ!

ድሩ ግን በሰውየው ዓይንና በአጋዘኑ መካከል ነው። እጁን በላው። ልጥረገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንዲት ጣት ብቻ! ጥርሱን ነከሰና ተወው። ቀስቱን ቀስ ብሎ ገትሮ ፍላጻውን በድሩ መሐል ለቀቀው።

በማግስቱ ቅበላ ነበር። ገና ያልደረቀው ቆዳ ከአማቱ እግር ሥር ተነጠፈ፤ ሠርጉም በዚያው ቀን ሆነ።

እዚህ ላይ አባባ ወንዳፍራሽ ወሬያቸውን ጨረሱ። ትርንጎ ፊቷ ቀላ።

«ልጄን አጋዘን አሏት፣ አባባ?»

«ኧረ ወዲያ! አጋዘኑን እኮ ገደልነው፤ ልጅሽን እግዜር ያኑርልሽ። እኔ የማወራሽ ስለ ማድፈጫው ነው። ቤትሽ እንደዚያ ማድፈጫ ሆኗል። ልጅቷ ሰኞ ስትነቃ አክስቷ፣ ማክሰኞ ቄሱ፣ ረቡዕ ጎረቤቱ። አንቺን ጭንቁ ሲይዝሽ አንድ አዲስ ሰው ቆርጠሽ ታመጫለሽ፤ ለአንቺ ቀለል ይልሻል፣ እሷ ትሸሻለች። ነገስ ማን ነው ተረኛው?»

«የባሏ ታላቅ ወንድም» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«እንዳይመጡ ላኪባቸው።»

«ከዚያስ ዝም ልበል?»

«ከዚያማ ምስር በሰፌድ ይዘሽ ከአጠገቧ ቁጭ በይ። ልቀሚ። አንድ ነገር አትጠይቂያት። ሳምንትም ይፍጅ፣ የወረዳውን ምስር ሁሉ ለቅመሽ ጨርሺው። አንድ ቀን እጇን ሰፌዱ ውስጥ ትሰዳለች። መናገር ስትጀምር ደግሞ አደራሽን፣ ቀና እንዳትዪ፤ መልቀምሽን ቀጥዪ።»