ጥርጣሬውን ያመነ ሰው

አንድ ሰው ነበር። ዲላ ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ። ስሙን ልተወው፤ ዛሬም በሕይወት አለ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝም ሰላም ይለኛል።

ይህ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። አሮጌ ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ግን ውስጡ ያለው ነገር! የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ከድሮ ጀምሮ በካሴት የቀዱት መዝሙር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ካሴቱ እያረጀ፣ ክሩ እየተጣበቀ ሲያስቸግር ሽማግሌዎቹ ጠሩትና "አንተ ጥንቁቅ ነህ፤ አንተ ያዝልን" ብለው አደራ ሰጡት። ቤት ለቤት ዞሮ ሰበሰበ። ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር እያስገባ፣ ድምፁን እያጸዳ፣ ካሴቱን ለባለቤቱ እየመለሰ ዓመታት ሠራበት። ከዘማሪዎቹ ብዙዎቹ አርፈዋል። ድምፃቸው ግን እዚያ ነበር። የሟች ሚስቱም ድምፅ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ መልእክት መጣ። "ይህን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም አርጅቷል። ከእንግዲህ ጥበቃ አይደረግለትም። አዲሱን በነጻ ይጫኑ።"

በነጻ!

ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ የማታውቁት ሰው ደጃችሁን አንኳኩቶ "ጣሪያችሁን በነጻ ልቀይርላችሁ" ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እሱም ያንኑ አለ። "ማን ጠየቃቸው? ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬም ይሠራል። ደግሞስ ማርጀቱን ከየት አወቁ? እኔ ቤት ያለውን ዕቃ ማን ነገራቸው?"

መልእክቱን ዘጋው። በማግስቱ መጣ። ዘጋው። እንደገና መጣ። በመጣ ቁጥር ጥርጣሬው ባሰበት። በመጨረሻ መዝሙር ካላዳመጠ በቀር ኮምፒውተሩን በጨርቅ ይሸፍነው ጀመር። ካሜራ እንኳ የለውም እኮ! ግን ሸፈነው።

ጽጌ የምትባል ልጅ አለችው። ባሏ ደጀኔ ይባላል፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው። ሰውየው ይህን አማቹን ከመጀመሪያው አልወደደውም። ለምን ብትሉት ምክንያት የለውም። "ዝም የሚል ሰው ውስጥ ውስጡን የሚያስበው ነገር አለው" ይላል፤ በቃ።

እሑድ ለምሳ መጡ። ጽጌ ጨርቁን አይታ ሳቀችና ነገሩን አወጣጣችው። ደጀኔ ተነስቶ መልእክቱን አነበበ።

"አባባ፣ ይሄ እውነተኛ መልእክት ነው" አለ። "አሮጌው ጥበቃ ካጣ ለሌባ በሩ ክፍት ነው። መቀየሩ ይሻላል። ግን ዛሬውኑ አይደለም። መጀመሪያ መዝሙሮቹን ሌላ ዲስክ ላይ እንገልብጣቸው፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንጭነዋለን።"

"ሌላ ዲስክ? የማን ዲስክ?"

"እኔ አመጣለሁ።"

"እና ማን ጋ ይቀመጣል?"

"እርስዎ ጋ። ምናልባት እዚህ አንድ ነገር ቢደርስ ግን ሁለተኛ ቅጂ እኔ ጋ ቢኖር ጥሩ ነው።"

አለቀ! ሰውየው ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው "እኔ ጋ" የምትለዋን ብቻ ነው። "አሃ፣ ለካ ነገሩ ወዲህ ነው" አለ በልቡ። "ገልብጦ ይወስድና በራሱ ስም ያወጣዋል።" በአፉ ደግሞ "መዝሙሩ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማንም መነገጃ አይሆንም!" አለ።

"አባዬ!" አለች ጽጌ ደንግጣ።

ደጀኔ ፊቱ ቀላ። "እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም አባባ" አለና ወደ ማዕዱ ተመለሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሰው ማንንም የማያምን ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን ማንንም የማያምን ሰው የለም። ቀጥሎ ያመነውን ስሙ።

በስልኩ የሚገባበት አንድ ቡድን ነበረ፤ ሰዎች ተሰብስበው ወሬ የሚለዋወጡበት። እዚያ ውስጥ ራሱን "ኢንጂነር" ብሎ የሚጠራ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቅ ሰው አለ። "አዲሱን ሲስተም እንዳትጭኑ! የቤታችሁን ምሥጢር ሊለቅሙ ነው!" ብሎ ጻፈ። ሰውየው በደስታ ሊሞት! "እኔስ ምን አልኩ!" አለ። የደረሰበትን ሁሉ ጻፈለት፤ የአማቹን ነገር ሳይቀር።

ኢንጂነሩም መለሰ። "እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ዝም ብሎ ይጭናል። ማንም ሰው ኮምፒውተርዎን እንዳይነካ። መልእክቱን ለዘላለም የምታጠፋ ትንሽ ፕሮግራም ልላክልዎት።"

አያችሁ? ደጀኔን "ዲስኩ የማን ነው? ማን ጋ ይቀመጣል?" ብሎ እንደ መርማሪ ያፋጠጠ ሰው፣ ኢንጂነሩን ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። አንድም! "አስተዋይ" ተባለ፤ በቃው። ፕሮግራሟን ተቀበለ፣ ጫናት። እውነትም መልእክቱ ጠፋ። ሰውየው እፎይ ብሎ ጨርቁን አነሳ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አመለወርቅ ወደ ቤቱ መጡ። ከመጀመሪያዎቹ መዘምራን አንዷ ናቸው። "የእህቴን ድምፅ አንድ ጊዜ አሰማኝ፤ ናፈቀችኝ" አሉት። አስቀመጣቸውና ከፈተ። ተጫነ፤ ዝም። ሌላውን ተጫነ፤ ዝም። የመዝሙሮቹ ስም ሁሉ ትርጉም ወደሌለው ፊደል ተለውጧል። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረና ጽሑፍ ወጣበት። "ፋይሎችህ ተቆልፈዋል። ቁልፉን ከፈለግህ ክፈል።"

ለኢንጂነሩ ጻፈ። መልስ የለም። ደግሞ ሊጽፍ ሲል ከቡድኑ ተባሯል።

አሁን ማንን የጠረጠረ ይመስላችኋል? ኢንጂነሩን? ደጀኔን! ለጽጌ ደውሎ "ባልሽ ተበቀለኝ!" ብሎ ጮኸ። ጽጌ ስልኩን ዘጋችበት። ደጀኔ ግን ሰምቶ ኖሮ መጣ። አልተጣላም፣ አልተከራከረም። ተቀምጦ አየ፣ አየ፣ ከዚያ ዞር አለ።

"አባባ፣ ይህን ፕሮግራም ማን ሰጠዎት?"

ሰውየው የኢንጂነሩን ነገር አንድ በአንድ ነገረው።

ደጀኔ ኮምፒውተሩን ወስዶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያልሞከረው ነገር የለም። ሳይሳካለት ተመለሰ። "አልተቻለም" አለ። "ብንከፍላቸውም ለመክፈታቸው ዋስትና የለም።"

ያኔ ሰውየው የተናገረውን ስሙ። የአማቹን እጅ ያዘና "ደጀኔ" አለው፣ "እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ያን ጊዜ... ሳላይህ ደብቀህ አልገለበጥክም?"

ወገኖቼ፣ ሌባ ነው ያለውን ሰው ሌባ ሆኖ እንዲገኝለት ለመነው! ምነው በሰረቀኝ አለ! አማቹ እንደ ጠረጠረው ቢሆን ኖሮ መዝሙሩ ይተርፍ ነበር።

"አልገለበጥኩም አባባ" አለ ደጀኔ። "አልነካውም ብዬዎት አልነበር?"

ሰውየው ያን ቀን አለቀሰ። ለመዝሙሩ ብቻ ይመስላችኋል?

ከዚያስ? "ጫንልኝ" አለው፤ ደጀኔ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ አዲሱን ሲስተም ጫነለት። ከዚያ ሁለቱም ቴፕ ማጫወቻ ይዘው የድሮዎቹን ካሴቶች እንደገና ለመለመን ቤት ለቤት ወጡ። አንዱ ቤት ካሴቱ ተጥሏል። ሌላው ቤት በላዩ ላይ የሰርግ ጭፈራ ተቀድቶበታል። የሚስቱ ድምፅ የነበረበትን ካሴት ደግሞ "ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል" ብሎ የጣለው እሱ ራሱ ነው። ያ ድምፅ አልተገኘም። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እትዬ አመለወርቅ በራቸውን ገርበብ አድርገው እዚያው ደጅ አቆሟቸው። "ደግሞ ልታጠፋብኝ?" አሉት። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ ተጠርጥሮ ደጅ መቆም ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቀ። አንገቱን ደፋ። እትዬ አመለወርቅ ወደ ደጀኔ ዞረው "አንተ ትይዘዋለህ?" አሉ።

"የሚይዙት አባባ ናቸው፤ አደራው የእሳቸው ነው" አለ ደጀኔ። "እኔ ቅጂውን እይዛለሁ።"

እትዬ አመለወርቅ በሩን ከፈቱት።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሁሉን እመኑ ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። ኢንጂነሩም መታመን አልነበረበትም። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ የምትጠረጥሩት ማንን ነው? እውነቱን እየነገረ የሚያስከፋችሁን ነው ወይስ "አንተ ብቻ ገባህ፣ አንቺ ብቻ ነቃሽ" የሚላችሁን? ጥርጣሬያችሁን የሚያሞካሽላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

እግዚአብሔርንስ? "አሮጌውን ልብ ስጡኝ፣ አዲሱን በጸጋ ውሰዱ" ሲለን ስንት ጊዜ ዘጋነው? "በነጻ? ከጀርባው ምን አለ?" እያልን ጨርቅ ያለበስነው ስንቶቻችን ነን?

እዚህ መካከል በምራቷ ላይ ፊቷን ያዞረች እናት አለች፤ ምን እንዳደረገቻት ብትጠየቅ የምትለው የላትም። ወንድሙን ለዓመታት "ሊበላኝ ነው" ሲል የኖረ ሰው አለ፤ ወንድሙ የወሰደበት ነገር የለም። ትዳሩን በጎረቤት ወሬ የሚመረምር ባል አለ። ስለ እናንተ ነው የማወራው፤ ወደ ጎን አትዩ።

ሰውየው አማቹን ያወቀው ሁሉም ነገር ከጠፋ በኋላ ነው። እናንተ ግን የጠረጠራችሁት ሰው ገና ቤታችሁ አለ። ምሳ ላይ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሂዱና "ያለ ምክንያት ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ" በሉት። ሊከብድ ይችላል። ድምፁን ለመስማት የምትለምኑበት ቀን ሳይመጣ፣ ዛሬ በሉት።